የአቤል ገጽና ጥቁሩ ጨርቅ

አቤል የሞተው ማርች ዘጠኝ ጠዋት ነው። አንዱን ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ወተቱ ፈልቷል» ብዬ ከማድ ቤት ስጣራ አልመለሰልኝም። አለመመለስ ልማዱ ነው። የራሴን ጠጣሁ፣ የሱን ቀዳሁ፣ እንዳይበርድ ሰሃን ደፋሁበት፤ ከዚያ ነው ሄጄ ያየሁት።

አላለቀስኩም። መንደሩ ሁሉ ሲያየኝ ስለነበር እኔው ራሴ ልናገረው። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋ ጉንጭ የሌላ ሰው እንደሚሆነው ሁሉ፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የሌላ ሰው ሆንኩ። ያቺ ሌላዋ ሴትዮ ድንች ትልጣለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ዶሮ ትዘጋለች። እኔ ቆሜ አያታለሁ።

ከቤቱ በላይ፣ ከሁለቱ ጥዶች ሥር፣ ከአባቱና ከአያቱ ጎን ቀበርነው። እኛ የሴቬን ተራራ ፕሮቴስታንቶች ሙታናችንን ለሌላ ሰው አጥር አንሰጥም፤ በገዛ መሬታችን ነው የሚያርፉት። ቀፎዎቹ ከመቃብሩ ሠላሳ እርምጃ አይርቁም። ከቀብር ስንመለስ አንድ አሮጌ ጥቁር ቀሚሴን በመቀስ ቆራርጬ፣ ሠላሳ አራቱም ቀፎ ላይ አንድ አንድ ቁራጭ በሚስማር መታሁ። ጌታቸው የሞተባቸው ንቦች ሐዘን ይለብሳሉ፤ ጨርቁም ነፋስ ራሱ እስኪወስደው ድረስ አይነሳም።

ጨርቁ ብቻውን ግን አይበቃም። የቤቱን ቁልፍ ይዞ እያንዳንዱን ቀፎ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ፣ «ጌታችሁ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ጌታችሁ እገሌ ነው» ብሎ መንገር አለ። ያልተነገራቸው ንቦች ሟቹን ተከትለው ይሄዳሉ ይባላል። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀፎ ፊት ቆምኩ። አፌ አልከፈት አለኝ። እኔ፣ በሦስት መንደር አፏ የሚፈራ ሴት! ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ገባሁ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገው ሰባት ወር ሆነ።

ንቦቹ ግን ሥራቸውን ሠሩ። ኦገስት ላይ ማሩን የቆረጠልኝ ከማዶ ሸለቆ ያለው ሳሙኤል ሩቪየር ነው፤ እሱም የዕድሜ ልክ ንብ አርቢ፣ ከአቤል ጋር አርባ ዓመት ሲቀናኑ የኖሩ። ሦስት መቶ ብልቃጥ ሞላን። በዚያው ሰሞን ልጄ ዦኤል ከአሌስ ከተማ መጣ። አሌስ ውስጥ የመኪና ጎማ ይሸጣል፤ ሲናገርም ጎማ እንደሚሸጥልህ ነው።

«እማ፣ ሰማንያ አራት ዓመትሽ ነው።»

«ዕድሜዬን አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ነው የምቆጥረው።»

«ሩቪየር ቀፎዎቹን ልግዛ ብሏል። እኔ ጋ አሳንሰር ያለው ቤት አለ፤ ሁለት ክፍል፣ ሙቀቱ ራሱ የሚበራ።»

«እኔ እንደ ከረጢት ወደ ላይ መጎተት አልፈልግም።»

«እሺ፣ ማሩን ማን ይሸጥልሻል? ገበያ ወርደሽ ትቆሚያለሽ? አባባ የለም እኮ።»

አባባ የለም ሲል ፊቴን አየኝ። ፊቴ ላይ ምንም ስላልነበረ ማየቱን ተወ። እኔም እንዲህ አልኩት፦ በየዓመቱ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምንመልስበት እሁድ፣ የኦክቶበር መጨረሻ፣ ሦስት መቶውም ብልቃጥ ተሸጦ ካለቀ ቀፎዎቹ ከዚህ ንቅንቅ አይሉም፤ እኔም እንደዚያው። አንድ እንኳ ከተረፈ ሩቪየር መኪናውን ይዞ ይምጣ። ዦኤል እጁን ዘረጋ፤ መዳፍ ለመዳፍ ተመታታን። ለምን እንደተወራረድኩ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ንቦቹን የወደድኳቸው እንዳይመስላችሁ። ስነሳ የሚሰማኝ ድምፅ እነሱ ብቻ ስለሆኑ ነው።

የምሸጥበትን መንገድ የነገረችኝ የዦኤል ልጅ፣ ኮራሊ ናት። ሞንፔሊዬ ከተማ ትሠራለች። ሥራዋ ሰው የማያስፈልገውን ነገር በስልኩ እያሳዩ እንዲያምረው ማድረግ ነው፤ እሷ ለዚህ ረጅም ስም አላት። አቤል ለካ ገጽ ነበረው! ገበሬና በላተኛ ያለ ደላላ የሚገናኙበት፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ የተሠራ የኢንተርኔት ገበያ ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከራት በፊት በአንድ ጣቱ ስልኩን ሲነካካ የአየር ሁኔታ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። አራት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ኮከብ ሰጥቶታል። ፎቶው ላይ የንብ መረቡን ወደ ላይ ገልቦ እንደ ሞኝ ይስቃል።

«ታዲያ በዚሁ እንሸጣለና» አልኳት።

«ችግሩ አያቴ፣ ገጹ በእሱ ስም የተከፈተ ነው። ሞተ ካልናቸው ይዘጉታል። በአንቺ ስም አዲስ ከከፈትን ደግሞ ኮከብ የሚባል የለንም። ኮከብ የሌለውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።»

«ሰማንያ አራት ዓመት ያለ ኮከብ ኖሬያለሁ።»

«ኑሮ ሌላ፣ ገበያ ሌላ። ዝም እንበል። እስከ ኦክቶበር ብቻ።»

እሺም እምቢም አላልኩም። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ነበሩብኝ።

ኮራሊ መጀመሪያ በራሷ መንገድ ጻፈች። «ተወዳዳሪ የሌለው፣ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ የጤናዎ ምስጢር።» በሁለት ሳምንት ስድስት ብልቃጥ ተሸጠ። አንድ የሊዮን ሰውዬ፣ «ቦንዡር አቶ አቤል፣ አሞዎት ነው? እንዲህ አይጽፉም ነበር» አለ። ኮራሊ በስልክ ስታነብልኝ አፈረች።

«ደምስሺውና እኔ የምልሽን ጻፊ» አልኳት። «ይህ ሻተኝ ከሚባለው ዛፍ አበባ የመጣ ማር ነው። ጥቁር ነው። መራራ ነው። ልጆች አይወዱትም። ጣፋጭ የፈለገ ስኳር ይግዛ። ከሰሜኑ ቁልቁለት የተቆረጠ ነው፤ ጁላይ ላይ ስለዘነበ ከአምናው ያንሳል። በቃ።»

«አያቴ፣ ይህ ማስታወቂያ ነው ማስጠንቀቂያ?»

«ጻፊ!»

በሳምንቱ አርባ ብልቃጥ ሄደ። ኮራሊ ሞንፔሊዬ ላለው አለቃዋ አሳይታው ግማሽ ቀን ሲስቅ ዋለ አለችኝ፤ በኋላ ግን በማስታወሻው ላይ ገልብጦታል። እሱ ተምሮ ያላወቀው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሲያሞግሱለት የማይጠረጥር ሰው በዚህ አገር አላየሁም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። የመጣውን መልእክት ታነባለች፤ እኔ እመልሳለሁ፤ እሷ በአቤል ስም ትጽፋለች። ቦንዡር ሳይል የጀመረ ሰው መልስ አያገኝም፤ የአቤል ሕግ ነው፣ ጠበቅኩለት። እንደሱ ማውራት አልከበደኝም። እኔ አሥር ቃል በምልበት እሱ ሦስት ነበር የሚለው፤ ስለዚህ ሰባቱን እውጣለሁ። ሰባት ሰባት እየዋጥኩ ሴፕቴምበር አለቀ።

ከደንበኞቹ አንዷ በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ብሬታኝ የምትኖረው ወይዘሪት ሞርቫን ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። መልእክቷ እንደ ስብከት ረጅም ነው፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ነፋሱ። አንድ ቀን መጨረሻ ላይ፣ «ባለቤትዎስ? አሁንም ሰው ታስለቅሳለች?» ብላ ጠየቀች።

«ይቺ ደግሞ እኔን የት ታውቀኛለች?» አልኩ።

ኮራሊ የድሮውን ወደ ኋላ ፈለገች። «አያቴ፣ አምና የጻፈላት አለ። ላንብበው?»

«ምላስ የለሽም? አንብቢው።»

«ሚስቴ ምላሷ እንደ ማሬ ነው። እሱን የለመደ ሌላው ሁሉ ውሃ ውሃ ይለዋል።»

በአምሳ ስምንት ዓመት ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ለብሬታኝ ሴትዮ ነው ያላት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ወይም ልቆጣ። ከሁለቱ አንዱ እስኪመጣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ተነስቼ ድስት አጠብኩ።

የኦክቶበር የመጀመሪያ እሁድ ኮራሊ መጣች። መቶ ሃያ ብልቃጥ ቀርቶን ነበር። እኔ ሻተኝ ስለቅም፣ እሾሃሙን ቅርፊት በጫማዬ እየረገጥኩ ፍሬውን ሳወጣ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ዋለች። ምን እንዳነሳች አልጠየቅኩም፤ እሷም አላሳየችኝም። የከተማ ልጅ ናት። አባቷም አላስተማራት፣ እኔም አላስተማርኳት።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደውል ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አያቴ፣ ሞተሻል።»

«መቼ?»

«ትናንት። ቀፎዎቹን አንስቼ ገጹ ላይ ለጥፌ ነበር። ያ ጥቁር ሪባን የማታ ፀሐይ አርፎበት ሲያምር…»

«ሪባን!» አልኩ። «ቀሚሴ እኮ ነው፣ አንቺ ሞኝ።»

ከዚያ የወይዘሪት ሞርቫንን አነበበችልኝ። «ቦንዡር ውድ አቤል። አባቴ ንብ ያረባ ነበር፤ ያ ጨርቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሚስትዎ ኖኤሚ ናት፣ አይደል? አልነገሩንም። እርስዎ እንዲህ ነዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።» ከሷ በታች ሌሎች አሉ። የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ጨርቁን አውቆታል፤ ያላወቀው ካወቀው ሰማ። አቤል በየቀኑ መልስ እየሰጠ አቤል ሞተ ብሎ ማን ያስባል? ስድሳ ሁለት ሰው አለቀሰልኝ። ያለቀሰ ደግሞ ማር አዘዘ፤ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ አራት። በሦስት ቀን ዘጠና ብልቃጥ ወጣ። ሠላሳ ቀረ።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለች ኮራሊ በሦስተኛው ቀን ማታ። አለቀሰች መሰለኝ። «እውነቱን ከነገርናቸው ገጹ ይዘጋል፤ ቀፎዎቹ ይሄዳሉ። ዝም ካልን ደግሞ የቀረውን ለመሸጥ ሳምንትም አይፈጅም። ማንም እኮ አይጎዳም አያቴ።»

«ሟቿ እኔ ነኝ። ተጎዳሁ ካላልኩ ማን ይላል?»

«እንግዲያ ዝም እንበል?»

«እንበል።»

አራት ቀን ዝም አልን። በአራቱም ቀን ለቅሶዬን አስነበብኩ። አንዱ፣ «ያለ ሚስትዎ ቆጣ ቆጣ ገበያው ምን ይመስላል» ይላል፤ አንድ ጊዜ አሌስ ገበያ ላይ ሰድቤው ነበር ለካ። አንዷ ሻማ አበራሁላት ብላለች፤ ካቶሊክ ትሆናለች። ስሰማው የሌላ ሰው ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ሟቿ ደህና ሴት ሳትሆን አትቀርም አልኩ በልቤ። ይህም አልቆረቆረኝም። እውነቱን ለመናገር መሞቴ ትክክል መሰለኝ፤ ሰዎቹ የተሳሳቱት በቀኑ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ፖስታ አመላላሿ አንዲት ትንሽ ጥቅል ሰጠችኝ። ላኪዋ ወይዘሪት ሞርቫን፣ ተቀባዩ አቤል። ውስጡ በእጅ የተሠራ የሱፍ ካልሲ ነበር፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ተረከዙ ድርብ። መነጽሬን ስላላደረግኩ ወረቀቱን ፖስታ አመላላሿ አነበበችልኝ፤ «ለእግርዎ። ከእንግዲህ የሚያስብልዎት የለምና።»

ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ ለሞተ ሰው እግር፣ ሰባት ወር አፈር ውስጥ ላለ እግር፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ስንት ቀን ቁጭ ብላ ሠርታለች። የሞተች ሴት ማር ብትሸጥ ግድ የለኝም። ይሄ ግን ቆረቆረኝ። ሐዘን አልነበረም፤ በጥርስ መካከል እንደገባ ሥጋ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልጠበቅኩም። ለኮራሊ ራሴ ደወልኩ።

«ጻፊ» አልኳት። «ቦንዡር። የሞተው አቤል ነው። የሞተውም ማርች ዘጠኝ። ከዚያ ወዲህ የመለስኩላችሁ እኔ ሚስቱ ኖኤሚ ነኝ። በሕይወት አለሁ። ፎቶው የልጅ ልጄ ስሕተት ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ለእኔ ሞት ብሎ ማር የገዛ ይመልስ፤ ገንዘቡን እመልሳለሁ። ማሩ እንደሆነ ያው መራራ ነው።»

«አያቴ፣ ቀፎዎቹስ?»

«መስማት ተሳነሽ? ጻፊ አልኩሽ።»

ገጹ በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። አራት መቶ አሥራ ስምንቱ ኮከብ፣ የአቤል የሞኝ ሳቅ፣ ለሴትዮዋ የጻፈላት ሁሉ፣ አብሮ ጠፋ። ከመዘጋቱ በፊት የሰደበኝ ሰደበኝ። «በሙት ስም ነጋዴ» ያለኝ አለ፤ ልክ ነው፣ ምን እመልስለታለሁ? አርባ አንድ ብልቃጥ ተመለሰ፤ አንዱ ግማሹ ተበልቶ ነው የመጣው። እሱን እኔ ጨረስኩት። ኮራሊ በስሜ አዲስ ገጽ ከፈተች፤ አንድም ኮከብ የለው። ሳምንት ሙሉ ማንም አልነካውም። ከዚያ አንድ ብልቃጥ ታዘዘ፤ ከብሬታኝ። በኋላም ከአምስት ሦስት ኮከብ መጣልኝ፣ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ማሩ ሐቀኛ ነው። ባለቤቲቱ ዘግይታ ነው የሆነችው። ተናድጃለሁ። ካልሲዎቹን እርስዎ ያድርጓቸው።»

ሰዓት የሚመለስበት እሁድ ሲደርስ ምድር ቤት ስድሳ ዘጠኝ ብልቃጥ ቀርቶ ነበር። ዦኤል ከሩቪየር ጋር ጠዋት መጣ። ብርድ ስለነበር ንቦቹ አልወጡም፤ ለመጫን ጥሩ ቀን ነው። ዦኤል ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

«እማ፣ ከፈለግሽ አንድ ሁለቱን…»

«ተመታተናል። ጫኑ።»

ሩቪየር ቆቡን አውልቆ አቤል መቃብር ጋ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «ኖኤሚ፣ ተነግሯቸዋል አይደል?»

«አልተነገራቸውም።»

«እንዴት አልተነገራቸውም? ኦገስት ላይ ጨርቁን አይቼ…»

«ጨርቁን ሰቅያለሁ። ሌላውን አላልኩም።»

ሳሙኤል ሩቪየር እጁ ላይ የነበረውን ገመድ ጣለው። «እንግዲያው አልጭንም። ያልተነገራቸውን ንብ እኔ ግቢ አላስገባም።»

«ለንብ ተነገረ አልተነገረ!» አለ ዦኤል። «በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን!»

«ንቦቹ ስንተኛው ላይ እንዳሉ ሄደህ ጠይቃቸው፣ አንተ ጎማ ሻጭ» አለው ሩቪየር። ወደ እኔ ዞረ። «ሰባት ወር ሙሉ አልሄዱብሽም። ሲጠብቁሽ ነው። በይ ንገሪያቸው፤ አቤል መሞቱን፣ ከእንግዲህ የኔ መሆናቸውን። ከዚያ እጭናለሁ።»

የቤቱ ቁልፍ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ትልቁ፣ የብረቱ። የወይዘሪት ሞርቫንን ካልሲ ነው ያደረግኩት፤ ስለሚሰፋኝ ቦት ጫማው ውስጥ ይጠቀለላል። ወደ መጀመሪያው ቀፎ ሄድኩ። ከአያቱ የቀረው፣ ከተቦረቦረ የሻተኝ ግንድ የተሠራው ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሦስት ጊዜ መታሁት። ከውስጥ ትንሽ ጉምጉምታ መጣ።

«አቤል ሞቷል» አልኩ።

ድምፄ እንደ ዝገት ወጣ። ሰባት ወር ለሰው ሁሉ ያልኩት ቃል ነው፤ ለቄሱ፣ ለዶክተሩ፣ ለጡረታ ቢሮ። እነሱ ስለ ወረቀት ነው የጠየቁኝ። «ማርች ዘጠኝ ጠዋት ሞቷል። አንድ ጫማ አድርጎ። ወተቱን ሳይጠጣ።» ሩቪየር የሚል ስም ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። «ከእንግዲህ እኔ ነኝ» አልኩ። «ኖኤሚ ነኝ። የኔ ናችሁ።»

ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሦስት ጊዜ መታሁ፤ ያንኑ አልኩ። ሦስተኛው። አራተኛው። ሠላሳ አራቱንም። ሩቪየር ቆቡን በእጁ ይዞ ተከተለኝ። ዦኤል መኪናው ጋ ቀረ።

መጨረሻው ላይ ስደርስ ሩቪየር ቆቡን አጠለቀ። «ተነገራቸው» አለ። «በቃ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«እንዴት ትሄዳለህ?» አለ ዦኤል። «ተስማምተናል እኮ! ስድሳ ዘጠኝ ብልቃጥ ተርፏል፣ ውርርዱ…»

«ውርርዱ የእናንተ ነው። ንቦቹ ጌታቸው ማን እንደሆነ ሰሙ፤ እኔም ሰማሁ። ጌታ የተነገራቸውን ንብ ወስጄ ምን ላደርጋቸው ነው? በማግስቱ ዞረው እዚህ ናቸው።» ወደ እኔ ተመለከተ። «አርባ ዓመት ከአቤል ጋር ስከራከር አንድም ቀን አላሸነፍኩትም። ዛሬም ያው። ሁለት ብልቃጥ ስጪኝ፤ አንዱን ለምራቴ፣ እሷ መራራ ይስማማታል።»

ዦኤል መኪናው አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እማ፣ ሆን ብለሽ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። እውነቴን ነው። «ግን የተባለው ተብሏል።»

ብልቃጦቹን ላመጣ ወደ ምድር ቤት ስወርድ ቀኝ እጄ በሩን አልይዝ አለኝ። ሠላሳ አራት ጊዜ ሦስት ነው ያንኳኳሁት፤ ቁልፉ መዳፌን ልጦ ጣቶቼ አብጠዋል። ደረጃው ላይ ቆሜ አየኋቸው። ያመኝ ነበር። ከማርች ወዲህ ያመመኝ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እንዳይተወኝ ብዬ እጄን ትንሽ ጨበጥ አደረግኩት።